የመውጫ ሰዓት እንግዳ

ካዛንቺስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ የንብረት ክፍል ኃላፊ የሆነ አንድ ሰው ነበር አሉ። ቂርቆስ ተወልዶ፣ ቂርቆስ አድጎ፣ ፊደልም የቆጠረው እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የኔታ ዘንድ ነው። አደገ፣ ሥራ ያዘ፣ ትዳር ያዘ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ግን አልተወም። እንዲያውም ዓመት በመጣ ቁጥር የሚይዘው አገልግሎት ይጨምር ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን መዝሙር ያስጠናል፤ የጽዋ ማኅበሩ ጸሐፊ እሱ ነው፤ የእድሩ ገንዘብ ያዥ እሱ ነው፤ ሐምሌ 19 ሲቃረብ ደግሞ የበዓሉ ኮሚቴ ያለ እሱ አይሰበሰብም። "አንድ ሰው ይሥራው" ከተባለ ያ አንድ ሰው እሱ ነው። እንቢ ማለት አያውቅም። እንቢ ቢል ለእግዚአብሔር እንቢ ያለ ይመስለው ነበር።

ይህ ሰው ክር ያለው ጫማ ያደርግ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይደርሳል፤ ጎንበስ ብሎ ክሩን ይፈታል፤ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ተሳልሞ ጥቂት ይቆማል፤ ይወጣና ቁጭ ብሎ ክሩን ያስራል። ነገሩ ሁሉ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አሥር ደቂቃ ግን ለእሱ በዛችበት። መርካቶ ወርዶ ክር የሌለው፣ እግር ዘው የሚልበት ጫማ ገዛ። ፈቶ የማሰሪያዋን ጊዜ አተረፈ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ መግባቱን ትቶ ከደጁ ቆሞ ይሳለም ጀመር። ቀጥሎ ታክሲ ውስጥ እንደ ተቀመጠ፣ ሚኒባሱ ሲያልፍ በመስኮት በኩል ያማትባል። ከዚያም ባንድ እጁ ስልክ ይዞ እያወራ በሌላው ያማትባል። ማንም ልብ አላለውም። እሱም ልብ አላለውም፤ በስልክ የሚያወራው ስለ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነበራ።

ሰኔ ገባ። ሰኔን የመሥሪያ ቤት ሰው ያውቃታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልተገዛ ዕቃ አይገዛም፤ ስለዚህ የዓመቱ ግዢ ሁሉ ባንድ ወር ላይ ይከመራል። ክረምቱም በሰኔ ይገባል፤ የሐዋርያት ጾምም አለ፤ የሐምሌ 19 ዝግጅትም የሚጧጧፈው ያኔ ነው። ሰውዬው ቀን የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ይረከባል፣ ማታ የበዓሉን ድንኳን ይከራያል፤ በመካከሉ ልጆቹ አሉ፣ እድሩ አለ። ጾሙን ግን አንዲት ቀን አላፈረሰም። እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም።

በዚያ ሰኔ ለመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ለማቅረብ ጨረታ ያሸነፈ አንድ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው መጀመሪያ ያነጋገረው ኃላፊውን አይደለም፤ ዘበኛውን ነው።

"አባባ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ስንት ሰዓት ይወጣሉ?"

"እሳቸው? 11 ተኩል ሳይሞላ ቦርሳቸውን አንግበው ይቆማሉ። ልጆች ያስጠናሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው" አሉት ዘበኛው በኩራት።

ነጋዴው አመስግኖ ሄደ። ወረቀት የጫነው አይሱዙ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ የደረሰው 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ 120 ካርቶን ነው። ይቁጠሩት እንጂ" አለ ነጋዴው።

ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ልጆቹ 12 ሰዓት ላይ ይጠብቁታል፤ ከካዛንቺስ በእስጢፋኖስና በመስቀል አደባባይ አድርጎ ቂርቆስ ለመድረስ በዚያ ሰዓት መንገዱ አያስኬድም። "ግድ የለም፣ እንተማመናለን" አለና ሞዴል 19 ላይ ፈረመ። በነጋታው ረዳቱ፣ ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ብትቆጥረው ልክ 120 ሆኖ አገኘችው። "ዛሬም እንዲህ ያለ ሰው አለ" አለ፤ ደስ አለው።

በሁለተኛው ጭነትም አይሱዙው 11 ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። እንደገና ፈረመ። በነጋታው ልጅቷ ወረቀት ይዛ ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

"ጋሼ፣ 112 ነው። ስምንት ይጎድላል።"

"ያሟላል፣ ደውዪለት" አለ እየወረደ።

ደወለች። "አሟላለሁ" አላት ነጋዴው። ሳያሟላ ቀረ። ልጅቷ ለአለቃዋ ደግማ ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ቆሞ የሚሰማበት ሰዓት አጣች።

በሦስተኛው ጭነት ግን ሰውዬው ያውቅ ነበር። ካርቶኖቹ ሲወርዱ ዓይኑ ክምሩ ላይ ዋለ፤ እንደ ባለፈው ነው። አፉን ሊከፍት ሲል ነጋዴው ቀደመው።

"ጋሼ፣ ቂርቆስ አገልጋይ ነዎት አሉኝ። እኔም የሐምሌ 19 ስእለት አለብኝ። እቺን ለበዓሉ ይያዙልኝ" ብሎ ፖስታ አወጣ።

"ደረሰኝ ይቆረጥልሃል።"

"ምን ደረሰኝ ያሻዋል ጋሼ፣ እሱ ያውቀዋል" አለ ነጋዴው ወደ ሰማይ እያመለከተ። ቀጥሎም እስክሪብቶ አቀበለው።

ስልኩ ይጮኻል፣ ድንኳን አከራዩ ነው። ሰዓቱ ሄዷል። ፖስታውን በደረት ኪሱ ከተተና 120 ካርቶን ብሎ ፈረመ። ታክሲ ውስጥ ሆኖ "ነገ ገቢ አደርገዋለሁ" አለ በልቡ። ነገ አልተመቸውም። በሳምንቱ ለልጆቹ ሻይ በዳቦ ሲገዛ ከፖስታው ሁለት መቶ ብር መዘዘ፤ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸውና አልቆረቆረውም። ኋላ ለቤቱ ዘይት ሲጎድል ሌላ ሁለት መቶ መዘዘ። ደመወዝ ሲመጣ እመልሳለሁ አለ።

ዓርብ ዕለት ከባድ ዝናብ ጣለ። ክር የሌለው ጫማ አፉን ከፈተ። ጫማ ሰፊው "ለሰኞ ይደርሳል" አለው። ሰውዬው ቸኩሎ ያንን አሮጌውን፣ ባለ ክሩን ጫማ ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣና ክሩን ደራርቦ ቋጥሮ ሮጠ።

ማታ የኮሚቴ ስብሰባ ነበር። ወትሮ ስብሰባው አዳራሽ ነው፣ ጫማ ማውለቅ የለም። ያን ቀን ግን አስተዳዳሪው "አስቀድመን ለሠርክ ጸሎት እንግባ፣ ከዚያ እንሰበሰባለን" አሉ። ሰው ሁሉ ጫማውን እያወለቀ ገባ። እሱ ደጃፉ ላይ ጎንበስ አለ።

ክሩ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ ጭቃ ገብቶበታል። ሳበው፤ ጠበቀ። በሌላው ጫፍ ሳበው፤ ይብስ ጠበቀ። ተረከዙን በሌላው እግሩ ረግጦ ጫማውን ሊያወልቅ ታገለ፤ አልወጣም። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። በጭቃ እጁ ሊያወጣው አልቻለም።

አጠገቡ ድንጋዩ ላይ አንዲት መነኩሴ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"እማሆይ፣ ምላጭ ይኖርዎታል?"

"ምላጭ የለኝም ልጄ። ጥፍር ግን አለኝ። ና ቁጭ በል።"

"ይቅር እማሆይ፣ እበጥሰዋለሁ።"

"በጥሰህ በምን ታስረዋለህ? ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ። እማሆይ ጭቃ የለበሰ እግሩን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ፣ ቢጫ ቀሚሳቸው ላይ አደረጉት። ደንግጦ ሊያነሣው ሲል ቁርጭምጭሚቱን ያዙት። "አትጎትት። ሲጎትቱት አይደል የሚጠብቀው" አሉ። ክሩን አልሳቡትም። ወደ ቋጠሮው መልሰው ገፉት። በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየነኩ፣ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ፣ የጠበቀውን ወደ ውስጥ እየመለሱ ክፍተት ፈለጉለት። ዓይናቸው ስለማያይ በጣታቸው ነው የሚያዩት። ጭቃውን በምራቅ ያረጥባሉ፣ ይጠርጋሉ፣ እንደገና ይገፋሉ። ከውስጥ የካህኑ ድምፅ ይሰማል። ስልኩ እንደገና ጮኾ ዝም አለ። እማሆይ አልቸኮሉም፣ አልዘገዩምም።

ሰውዬው የሚሠራው ነገር አልነበረውም። እግሩ የሰው ጉልበት ላይ ነው፣ እጁ ጭቃ ነው፣ መነሣት አይችልም። ቁጭ ብሎ ያለ ሥራ መቼ እንደ ቆየ ራሱም አያስታውስም። መጀመሪያ ስብሰባውን አሰበ። ከዚያ ድንኳኑን አሰበ። ሁለቱም አለቁ። ሐሳብ ሲያልቅበት ሳይጠራው የመጣው ቁጥር ነበር፦ ስምንት። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ወረቀት ይዛ የቆመችው ልጅ ፊት መጣበት፤ ያን ቀን ሲያልፋት ፊቷን አላየውም ነበር፣ አሁን አየው። ቀጥሎ ደረቱ ላይ ያለው ፖስታ ታወቀው። ፖስታውን ከተቀበለ ወዲህ በየቀኑ በዚያው ላይ ሲያማትብ ከርሟል።

"ይኸው ተፈታልህ" አሉ እማሆይ። "የግራውን ደግሞ አምጣ።"

"የግራውን እኔ ልፍታው እማሆይ" አለ።

ፈታውም። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ስብሰባው ሲጀመር አልነበረም፤ ውስጥ ቆሞ ነበር። እዚያ ቆሞ ያለውን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው።

ሰኞ አይሱዙው ለመጨረሻው ጭነት መጣ፤ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ። ሰውዬው ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ከዘበኛው በርጩማ ተውሶ ከክምሩ ፊት ተቀመጠ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

"ጋሼ፣ ልጆቹ አይጠብቁዎትም?" አለ ነጋዴው።

"ይጠብቁኛል። አራት። አምስት።"

"መኪናው ላይ ሌላ ጭነት አለ፣ ሾፌሩ..."

"ይቆይ። ስድስት።"

ሰባት ላይ ስልኩ ጮኸ፣ አላነሣውም። ሠላሳ ላይ ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀምጣ መጣችና ከወዲያኛው ጫፍ መቁጠር ጀመረች። ስልሳ ላይ ዝናቡ መጣ፤ ክምሩን በሸራ ሸፍነው ከሸራው ሥር እጃቸውን እየሰደዱ ቆጠሩ። 112 ላይ አለቀ። ሞዴል 19 ላይ 112 ብሎ ጻፈ። ፖስታውን አወጣና ለነጋዴው መለሰለት፤ የመዘዘውን አራት መቶ ብር ከሚስቱ ተበድሮ ሞልቶት ነበር። በነጋታው ስላለፉት ሁለት ጭነቶች ለአለቆቹ ደብዳቤ ጻፈ። የጎደለው 16 ካርቶን ከደመወዙ ተቆረጠ፤ ማስጠንቀቂያም ተሰጠው።

ያን ሰኞ ቂርቆስ የደረሰው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጆቹ ተበትነው ይሆናል ብሎ ነበር። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከበሮውን ይዛ ታስጠናቸው ነበር፤ መዝሙሩን እስከ ሦስተኛው አዝማች አድርሳዋለች።

ምሳሌው ይኸው ነው።

ይህን የሰማ ሰው ፖስታውን ይዞ ይቀራል። ልብ ሊባል የሚገባው ሰዓቱ ነው። ነጋዴው ከሰውዬው እምነት ጋር አልተጣላም፣ እንዲያውም አሞገሰው። ጠዋት፣ ሰውዬው ረጋ ብሎ በተቀመጠበት ሰዓት አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። ዔሳውም ብኩርናውን የሸጠው ከዱር ደክሞና ርቦት በመጣበት ሰዓት ነው፤ ጠግቦ አርፎ ሳለ የምስር ወጥ ይዞ የቀረበው የለም። ጌታችንም በገዳመ ቆሮንቶስ የተፈተነው 40 ቀን ጾሞ በተራበ ጊዜ ነው። ሦስቱን ፈተናዎች ደግሞ አስተውላችሁ ተመልከቷቸው፦ ድንጋዩ አሁኑኑ እንጀራ ይሁን፣ ከመቅደሱ ጫፍ ባንድ ጊዜ ውረድ፣ መንግሥታቱን ያለ መስቀል ውሰድ። ሦስቱም አቋራጭ ናቸው።

ችኮላ ጻድቁንም ዓይን እንደሚጋርድ ፈረንጆቹ በጥናት አይተውታል። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ፕሪንስተን የሚማሩ 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው። የከፊሎቹ ርእስ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። መንገዱ ላይ አንድ ሰው ተጎሳቁሎ ወድቆ ያቃስታል። ጊዜ አለህ ከተባሉት መካከል 63 ከመቶው ቆመው ሊረዱት ሞከሩ፤ ዘግይተሃል፣ ፍጠን ከተባሉት ግን 10 ከመቶው ብቻ። ስለ ሳምራዊው ሊናገሩ ከሚሮጡት አንዳንዶቹ የወደቀውን ተራምደው አልፈዋል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ቀጠሮ ነበረባቸው። እኔን የሚያስፈራኝም ይህ ነው። በመጠጥ ቤት የሚያመሽ ሰው የሚመክረው ዘመድ አያጣም፤ በአገልግሎት የሚሮጠውን ግን ሁላችንም እናመሰግነዋለን፣ አንድ ሥራም እንጨምርለታለን።

አባቶቻችን ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜ የከፈሉት፣ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ያሉት፣ ሰው በየመካከሉ ከሥራው እጁን እንዲያነሣ ነው። ሥራ ፈት ስለ ነበሩ አይደለም፤ የሚያርሱም የሚነግዱም ነበሩ። ያ ሁሉ ሽርጉድ የሚደረግለት የሐምሌ 19 በዓልም ቢሆን ታሪኩ ስለ መቆም ነው። ቅድስት ኢየሉጣ ልትጣልበት የፈላው ውኃ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ሲያስተጋባ ልቧ ፈራ፤ የሦስት ዓመት ልጇ ሕፃን ቂርቆስ እዚያው እሳቱ አጠገብ አጽናናት፣ ጸለየላት። ቅዱስ ገብርኤል ውኃውን ያቀዘቀዘው ከዚያ በኋላ ነው። ሞት አፋፍ ላይ እንኳ ለመነጋገርና ለመጸለይ ጊዜ ተገኝቷል።

አሥር ደቂቃ ቀላል ናት የምትል ሰው ግን፣ እባክህ አትፍረድ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ መንደር በኮሪደር ልማቱ ሲነሣ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ድሮ በእግሩ ኡራኤል ተሳልሞ ሥራ ይገባ የነበረው ዛሬ ሌሊት ተነሥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ ማታ የሚገባው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ጊዜ ከየትም አይመጣለትም፤ ከያዘው ነገር አንዱን ለሌላ ሰው መስጠት አለበት። ከበሮውን ለመያዝ የምትጠብቅ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አለች። ሰውዬው ለዓመታት የደከመው እሷ አትችልም ብሎ ነበር፤ ጠይቋት ግን አያውቅም።

ነጋዴው ከዚያ ወዲያ የት እንደ ደረሰ ተረቱ አይናገርም። ካዛንቺስ ውስጥ ግን ወረቀት የማይገዛ መሥሪያ ቤት የለም፤ በሩ ላይ ዘበኛ የሌለውም የለም።